የወላጅን ስልክ መግራት፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ቤት?

የልጆችን የስክሪን ሰዓት የሚመለከት ምክር ሞልቶ ተርፏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ ይላል። ወላጁ በራሱ እጅ ስለያዘው ስልክ ሲጠይቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ወይ ወቀሳ ነው ወይ የአፕ ማስታወቂያ። ካናዳ በ2020 ለአዋቂዎች ባወጣችው የእንቅስቃሴ መመሪያ ለመዝናኛ የሚውል የስክሪን ጊዜ በቀን ከ3 ሰዓት እንዳይበልጥ መክራለች። ምክሩ ለአንገትና ለወገብ ይጠቅም ይሆናል። ወላጅን የሚያስጨንቀውን ጥያቄ ግን አይመልስም። ልጆች ከተኙ በኋላ ፊልም ሲታይ ያለፈ 3 ሰዓት አንድ ነገር ነው፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ውሎውን ሊያወራ ሲሞክር እዚህም እዚያም የተቆራረሰ 40 ደቂቃ ሌላ ነገር ነው። ለልጁ የሚከብደው 40ው ነው።

ስለዚህ እዚህ አማራጮቹን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የትኛውን ሰዓት ይጠብቁልዎታል? በቀን ስንት ደቂቃ እንደሚቀንሱ በሁለተኛ ደረጃ ይታያል።

የሚጎዳው ምኑ ነው?

በ1970ዎቹ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክ እናቶችን ከሕፃኖቻቸው ጋር ጥቂት ካጫወተ በኋላ፣ ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን ምንም ስሜት ሳያሳዩ እንዲያቆዩ ጠየቃቸው። ሕፃናቱ መጀመሪያ ፈገግ ይላሉ፣ ይጠቁማሉ፣ ድምፅ ያወጣሉ። እናት ካልመለሰች ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ያለቅሳሉ። ያኔ ስማርት ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ግን ስልክ ላይ ያቀረቀረ ፊት ለሕፃን ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት ይህንኑ ሙከራ ነው። በ2014 ደግሞ የሕፃናት ሐኪሟ ጄኒ ራደስኪና ባልደረቦቿ ፈጣን ምግብ ቤቶች ውስጥ ከልጅ ጋር የተቀመጡ 55 አዋቂዎችን ተመለከቱ። 40ዎቹ በማዕዱ ላይ ስልክ ወይም ታብሌት ይዘዋል። ከእነዚህ መካከል በጣም የተመሰጡት ልጁ ትኩረት ሲፈልግ ወይ ዘግይተው ይመልሳሉ ወይ ይቆጣሉ።

ይህ ማለት ስልክ ያነሳ ወላጅ ሁሉ ልጁን በደለ ማለት አይደለም። “አንዴ ጠብቀኝ፣ ይህችን መልእክት ልመልስ” ብሎ፣ መልሶ፣ ቃሉን ጠብቆ የሚመለስ ወላጅ ልጁን ብዙ አያስቸግረውም። ልጅን የሚያደክመው መጨረሻው የማይታወቀው መቋረጥ ነው። ስልኩም የተሠራው መጨረሻው እንዳይታወቅ ተደርጎ ነው። ድሮ ድረ ገጽ ታች ላይ ያልቅና ቀጣዩን ገጽ ልክፈት አልክፈት ብለው ይወስኑ ነበር። አዛ ራስኪን የተባለው ዲዛይነር በ2006 የሠራው ማለቂያ የሌለው ስክሮል ያንን የመወሰኛ ቦታ አጠፋው። “አንድ ደቂቃ” ብሎ የገባ ሰው የሚወጣበት በር ስለሌለ ነው 20 ደቂቃ ቆይቶ ቀና የሚለው። የሰውዬው ጠባይ ብቻውን ተጠያቂ ነው ብዬ አላምንም።

መመዘኛዎቹ

ከዚህ በመነሳት እያንዳንዱን አማራጭ በሚከተሉት እለካዋለሁ፦

- ሰዓቱን ይለያል? ልጆች ነቅተው አጠገብዎ ያሉበትን ሰዓት ለይቶ ይጠብቃል ወይስ ቀኑን ሙሉ በጅምላ ይቆጥራል?
- ድንገተኛ ጥሪ ያስገባል? ከትምህርት ቤት፣ ከታመመ ወላጅ፣ ከሥራ ቦታ የሚመጣ አስቸኳይ ጥሪ የማይደርስበት ዘዴ የትኛውም ቤት ውስጥ አይዘልቅም። መዝለቅም የለበትም።
- ለማፍረስ ምን ያህል ያደክማል? በአንድ ንክኪ የሚፈርስ ገደብ በደከመው ምሽት ይፈርሳል። ጨርሶ የማይፈርስ ደግሞ የተለየ ችግር አለው፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።
- ለልጁ ይታያል? ስልክዎ ውስጥ የተቀመጠ ቅንብር ለልጁ ምንም አይነግረውም። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ስልክ ግን ይነግረዋል።
- ወጪው። ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው ማስቸገርም ወጪ ነው።

ከመምረጥዎ በፊት አንድ ሳምንት ይለኩ። ምንም ሳይቀንሱ፣ እንደ ወትሮው። አይፎን ላይ “ስክሪን ታይም”፣ አንድሮይድ ላይ “ዲጂታል ዌልቢንግ” የሚባሉት ክፍሎች፣ ሁለቱም በ2018 የመጡ፣ የትኛው አፕ ስንት ደቂቃ እንደወሰደና ስልኩን በቀን ስንት ጊዜ እንዳነሱት ወይም እንደከፈቱት ይመዘግባሉ። ጠቅላላው ቁጥር ያስደነግጣል፤ ይለፉት። የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ ልጆች ባሉበት ሰዓት የሚበላዎት የትኛው አፕ ነው? ስልኩንስ የሚያነሱት ጠርቶዎት ነው ወይስ ሳይጠራዎት? ስልኩ ጮሆ የሚያነሳ ሰውና ዝም ብሎ እጁ የሚሄድበት ሰው መፍትሔያቸው አንድ አይደለም።

1. ስልኩ ውስጥ ያለው ገደብ

ብዙ ሰው የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ነፃ ነው፣ የሚጫን ነገርም የለውም። ነገር ግን በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች አሉበት፤ አብዛኛው ሰው የሚመርጠውም ደካማውን ነው።

ደካማው የአፕ ገደብ ነው። ለአንድ አፕ በቀን 30 ደቂቃ ይሰጡታል፤ ሲያልቅ ይዘጋል። አይፎን ላይ ሲዘጋ ግን እዚያው ገደቡን ለማለፍ ይጠይቅዎታል፦ አንድ ደቂቃ፣ 15 ደቂቃ፣ ወይም ለዛሬ ተወው። አውራ ጣት ይህን ቁልፍ ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም። አንድሮይድ ላይ ትንሽ ይሻላል፤ የአፑ ምስል ይደበዝዝና እስከ እኩለ ሌሊት አይከፈትም፣ ለመክፈት ቅንብር ውስጥ ገብቶ ገደቡን ማጥፋት ያስፈልጋል። ሁለቱም ጋ ግን ዋናው ጉድለት ያው ነው። ቆጣሪው ሰዓት አይለይም። 30 ደቂቃዎን ልጆች ትምህርት ቤት ሳሉ ካልነኩት፣ ማታ እነሱ ከተመለሱ በኋላ ሙሉ 30 ደቂቃ በእጅዎ አለ ማለት ነው።

ጠንካራው የሰዓት መርሐ ግብሩ ነው። አይፎን ላይ “ዳውንታይም”፣ አንድሮይድ ላይ “ፎከስ ሞድ” ይባላል። ልጆች ከሚመለሱበት እስከሚተኙበት ያለውን ሰዓትና የሳምንቱን ቀናት ይመርጣሉ፤ አይፎን ላይ ጥሪና ፈቅደው የተዉዋቸው አፖች ብቻ ይቀራሉ፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ የሚዘጉትን አፖች እርስዎ ይመርጣሉ። ለወላጅ የሚሆነው ይኸኛው ነው። የአፕ ገደብ ሞክረው “እኔ ጋ አይሠራም” ብለው የተዉት ብዙ ሰዎች ይህን ጨርሶ አልሞከሩትም።

ማፍረሱ ቀላል ሆኖ ካስቸገረዎት የአይፎኑን የስክሪን ታይም ይለፍ ቃል ባለቤትዎ ወይም ሌላ የሚያምኑት ሰው እንዲያስገባ ያድርጉ። አስታዋሽ የነበረው ያኔ እውነተኛ በር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ግን ሌላው ሰው ጠባቂ መሆኑን መውደድ አለበት። “ክፈችልኝ” “አልከፍትም” በየምሽቱ የሚያጨቃጭቅ ከሆነ ስልኩ ከወሰደው በላይ ጭቅጭቁ ይወስዳል።

አንድ ሊያመልጥ የማይገባ ነገር፦ ስልኩን “አትረብሹኝ” ላይ ሲያደርጉ የተመረጡ ሰዎች ጥሪ እንዲያልፍ ይፍቀዱ፤ ተደጋጋሚ ጥሪ የሚለውንም ያብሩ። አይፎን ላይ አንድ ሰው በ3 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ፣ አንድሮይድ ላይ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከደወለ ስልኩ ይጮኻል። ትምህርት ቤቱ በማያውቁት ቁጥር ቢደውል እንኳ ሁለተኛው ጥሪ ይደርስዎታል።

2. የሚከፈልባቸው ማገጃ አፖች

እነዚህ የስልኩን የራሱን ገደብ አጠንክረው የሚሸጡ ናቸው። አንዳንዶቹ በወር ወይም በዓመት ያስከፍላሉ። ነፃው ክፍላቸው ብዙውን ጊዜ ከስልኩ የራሱ መሣሪያ ብዙ አይበልጥም። የሚበልጡበት ቦታ አንድ ነው፦ አንዳንዶቹ አንዴ ከተጀመሩ ሰዓታቸው እስኪያልቅ አይፈርሱም፤ ስልክና ኮምፒውተርንም በአንድ ላይ ይዘጋሉ።

እንዲህ ያለው ጠንካራ እገዳ ምን እንደሚያደርግ በ2025 ፒኤንኤኤስ ኔክሰስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። 467 ተሳታፊዎች ስልካቸው ላይ ያለው ኢንተርኔት በማገጃ አፕ ለ2 ሳምንት እንዲዘጋ ተጠየቁ፤ ጥሪና የጽሑፍ መልእክት ክፍት ነበር፣ ኮምፒውተርም መጠቀም ይችሉ ነበር። ትኩረታቸው፣ የአእምሮ ጤናቸውና ስለ ሕይወታቸው ያላቸው ስሜት ተሻሽሎ ተገኘ። የጥናቱ ሌላው ገጽታ ግን ለገዢው ይበልጥ ይጠቅማል፤ ብዙዎቹ ተሳታፊዎች እገዳውን ሁለቱን ሳምንት ሙሉ አልዘለቁበትም። ፈቅደው የገቡበት ሰዎች ናቸው፣ በቃኝ ያሉትም እነሱው ናቸው።

ለወላጅ ያለኝ ማስጠንቀቂያ ሁለት ነው። የማይፈርስ እገዳ ልጅ በሌሊት ሲያተኩሰውና የሐኪም ቤት መንገድ በካርታ ሲፈልጉም አይፈርስም፤ ስለዚህ ካርታ፣ ባንክና የትራንስፖርት አፖች በፍጹም እገዳው ውስጥ አይግቡ። ሁለተኛ፣ ከእነዚህ አፖች አንዳንዶቹ ለመሥራት እርስዎ የትኛውን አፕና ድረ ገጽ እንደሚከፍቱ ማየት ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹም በኢንተርኔት የሚልኩትንና የሚቀበሉትን በቪፒኤን፣ ማለትም በራሳቸው የግንኙነት መስመር በኩል ያሳልፋሉ። ከመክፈልዎ በፊት ምን ፈቃድ እንደሚጠይቁ ያንብቡ። ደግሞ ዓመታዊ ክፍያ አስቀድመው አይክፈሉ። የመጀመሪያው ወር ጉጉት ለዓመት እንደሚዘልቅ ዋስትና የለም።

3. ማሳወቂያን መቀነስ

ስልኩ እየጠራዎት ለሚያነሱ ሰዎች ከሁሉም በፊት የሚመጣው ይህ ነው። ሳይጠራቸው ለሚያነሱ ግን ብቻውን ምንም አይፈይድም።

መመሪያዬ አጭር ነው፦ ሰው የጻፈው ይጩህ፣ ማሽን የላከው ዝም ይበል። ጥሪ፣ ከቤተሰብ የሚመጣ መልእክት፣ ከልጁ አስተማሪ የሚመጣ መልእክት ይቅሩ። “እገሌ ፎቶ ለጠፈ”፣ “ዛሬ ቅናሽ አለ”፣ “ይህን ቪዲዮ አላዩትም” የሚሉት ሁሉ ይጥፉ። የትምህርት ቤት የወላጆች ግሩፕ ልዩ ጣጣ ነው። አስፈላጊ ነገር በቀን አንዴ ቢመጣበት፣ በመካከሉ ሰላምታና ምርቃት ይጎርፍበታል። ድምፁን አጥፍተው ማታ አንዴ ያንብቡት፤ የሚያስቸኩል ነገር ካለ የሚደውል አይጠፋም።

ሁሉንም ማጥፋትስ? በ2019 የታተመ አንድ የ2 ሳምንት ሙከራ ማሳወቂያዎቻቸው ተጠራቅመው በቀን 3 ጊዜ የደረሷቸው ሰዎች የተሻለ ትኩረትና የተሻለ ስሜት እንደነበራቸው አገኘ። ጨርሶ የተዘጋባቸው ግን ጥቅሙን አላገኙም፤ የሆነ ነገር ያለፈኝ ይሆን የሚል ጭንቀት ጨመረባቸው። አይፎን ከ2021 ጀምሮ ማሳወቂያን አጠራቅሞ በተወሰነ ሰዓት የሚያደርስ ቅንብር አለው። አንዱን ጥቅል ልጆች ከመመለሳቸው በፊት፣ ሌላውን ከተኙ በኋላ ያድርጉት።

ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ማድረግም በዚሁ ሥር ይገባል። በ2020 በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት በቀን ወደ 38 ደቂቃ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። ነፃ ነው፣ ይሞክሩት፤ የልጅዎን ፎቶ ለማየት ቀለሙን ሲመልሱ መልሶ ማጥፋቱን እንደሚረሱ ግን ይጠብቁ።

4. አፑን አጥፍቶ ወደ ኮምፒውተር መውሰድ

የሚበላዎት አፕ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው። አካውንቱ አይዘጋም፣ ጓደኛ አይጠፋም፤ አፑ ብቻ ከስልኩ ይወጣል። ማየት ሲፈልጉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ኮምፒውተር ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ሶፋ ላይ ከልጅ አጠገብ ተቀምጦ በስውር አይከፈትም። ልጁም ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው ሥራ ላይ እንደሆነ፣ ሲነሳም እንደጨረሰ ያውቃል።

ድክመቱ በስልኩ የድረ ገጽ አሳሽ (ብራውዘር) በኩል መግባት መቻሉ ነው። ከአካውንቱ ይውጡ፣ የይለፍ ቃሉንም ስልኩ እንዳያስታውስ ያድርጉ። በየጊዜው ቃሉን መጻፍ በራሱ ጥሩ አጥር ነው። ኮምፒውተር የሌለው ቤት ግን ይህ መንገድ ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራለት።

5. ርቀት

ከሁሉም የማዳላው ለዚህ ነው፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

በ2017 አድሪያን ዋርድና ባልደረቦቹ ሰዎችን የአእምሮ ፈተና ሲያስፈትኑ የአንዳንዶቹን ስልክ ጠረጴዛ ላይ፣ የሌሎቹን ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ፣ የቀሩትን ሌላ ክፍል አስቀመጡ። ስልኮቹ ሁሉ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። የተሻለ ውጤት ያመጡት ስልካቸው ሌላ ክፍል የነበረው ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ተመሳሳይ ሙከራዎች ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ስለዚህ “ስልክ አጠገብዎ ካለ አእምሮዎ ይደነዝዛል” የሚለውን አልደግመውም። ለርቀት የማዳላው ከዚያ ይበልጥ ግልጽ በሆነ ነገር ነው። አምስቱንም መመዘኛ በአንድ ጊዜ የሚያሟላ ሌላ የለም። ሰዓቱን ይለያል፤ የሚያስቀምጡትና የሚያነሱት እርስዎ ነዎት። ጥሪ ያስገባል፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ይሰማል። ማፍረሱ ከወንበር መነሳት ይጠይቃል። ለልጁ ይታያል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

አሠራሩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስልኩን ድምፁን አጥፍተው ያርቁታል፤ ከዚያ “ማን ደወለ ይሆን?” እያሉ በየጊዜው ሄደው ያዩታል። ተቃራኒውን ያድርጉ፦ የጥሪ ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ ይበል፣ ሌላው ሁሉ ይዘጋ። የሚያስፈልግ ሰው እንደሚደውል ካወቁ ሄደው የሚያዩበት ምክንያት አይኖርም። የመደበኛ ስልክን ጠባይ ለስማርት ስልኩ መመለስ ነው።

ቦታውም ቋሚ ይሁን፤ ቻርጀሩ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። መኝታ ቤትና ሶፋ አጠገብ አይሁን። ለሁሉም የቤቱ ሰው ስልክ አንድ ቦታ ከሆነ ደግሞ የማን ስልክ እንደጎደለ ያለ ንግግር ይታያል።

የሚያፈርሰው ምንድን ነው? ስልኩ ስልክ ብቻ አለመሆኑ። ሰዓት ነው፣ ካሜራ ነው፣ ባትሪ ነው፣ ሙዚቃ ነው፣ የማንቂያ ደወል ነው። “ሰዓት ልይ” ብለው ያነሱትን ስልክ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ርቀትን የመረጠ ቤት የግድግዳ ሰዓትና የማንቂያ ደወል ያስፈልገዋል፤ በጣም ርካሹ ይበቃል። ካሜራው ከባድ ነው፤ ልጅ የመጀመሪያ እርምጃውን ሊራመድ ሲል ስልኩ ሌላ ክፍል መሆኑ ያናድዳል። ለዚህ ያለኝ መልስ ፎቶ ለማንሳት ሄደው ያምጡት፣ አንስተው ይመልሱት የሚል ብቻ ነው። ያመለጠ ፎቶ ይኖራል።

በሰዓት የሚከፈቱ የስልክ ማስቀመጫ ሳጥኖች ይሸጣሉ። ብቻውን ለሚያነብ ተማሪ ጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ግን አስቸኳይ ጥሪ ማድረግ የማያስችል ነገር አልመክርም። ዘመናዊ የእጅ ሰዓትም “ስልኬን ልተው” ብለው የሚገዙ አሉ። ማሳወቂያው ሁሉ ወደ እጅ አንጓ ከመጣ ግን ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተቃለለም፤ ጥሪ ብቻ እንዲያሳይ ካደረጉት ይሆናል።

6. ሁለተኛ፣ ባለ ቁልፍ ስልክ

ኢንተርኔት የሌለው ርካሽ ስልክ ለምሽትና ለቅዳሜ እሁድ። ሲም ካርድ በየቀኑ መቀያየር ማንንም ያሰለቻል፤ የጥሪ ማዞሪያ መጠቀም ይሻላል። ጥሪው ወደ ቀላሉ ስልክ ይሄዳል፣ ስማርቱ ጠፍቶ ይቀመጣል። ለማፍረስ ይከብዳል፣ ለልጁም በደንብ ይታያል። ችግሩ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር፣ የትምህርት ቤቱ የቴሌግራም መልእክት፣ የትዳር ጓደኛ የላከው አድራሻ ሁሉ ስማርቱ ላይ መቅረቱ ነው። ሌላ ሁሉ ሞክረው ላልሆነላቸው፣ ወይም ሥራቸው ከምሽት በኋላ ለማይፈልጋቸው ሰዎች የሚሆን ነው። ለብዙው ቤት ከሚያስፈልገው በላይ ነው።

7. የቤት ስምምነት

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለመላው ቤተሰብ የሚሆን የሚዲያ ዕቅድ ማውጫ በነፃ ያቀርባል። ቅጹን ባይጠቀሙበትም ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ደንቡ ወላጁንም ይይዛል። ስምምነት ብቻውን ደካማ ነው፣ የሚያስገድድ ነገር የለውምና፤ ከሌላ ዘዴ ጋር ሲጣመር ግን ያን ዘዴ ያቆየዋል።

ከስምምነቶች ሁሉ አንዱን ብቻ ይያዙ ብባል የምይዘው ስልክ ሲያነሱ ለምን እንደሆነ ጮክ ብሎ መናገርን ነው። “ለአያትሽ ልደውል ነው።” “የነገውን የአየር ሁኔታ ላይ ነው።” ልጅ ከውጭ የሚያየው ያቀረቀረ ሰው ነው፤ ሥራ ይሁን ቀልድ ቪዲዮ አያውቅም። ሲነገረው ግን መቋረጡ መጨረሻ ያገኛል። እርስዎም ምክንያቱን መናገር ሲያፍሩ ስልኩን መልሰው ያስቀምጡታል። ትንሽ ልጅን ግን ዘበኛ አያድርጉት። “አባዬ፣ ስልክ!” ማለት ለመጀመሪያ ሰሞን ያስቃል፤ ቆይቶ ግን የአዋቂን ጠባይ መጠበቅ የልጅ ሸክም ይሆናል።

በአጭሩ

| አማራጭ | ሰዓት ይለያል? | አስቸኳይ ጥሪ | ለማፍረስ | ለልጁ ይታያል? | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የአፕ ገደብ | አይለይም | ይገባል | በጣም ቀላል | አይታይም | ነፃ |
| የሰዓት መርሐ ግብር | ይለያል | ይገባል | መካከለኛ፤ ይለፍ ቃሉ ሌላ ሰው ጋ ከሆነ ከባድ | አይታይም | ነፃ |
| የሚከፈልበት ማገጃ | ይለያል | እንደ ቅንብሩ | ከባድ | አይታይም | የወር ወይም የዓመት ክፍያ |
| ማሳወቂያ መቀነስ | በጥቅል ከደረሰ ይለያል | ይገባል | ቀላል | በከፊል | ነፃ |
| አፑን ማጥፋት | አይለይም | ይገባል | መካከለኛ | በከፊል | ነፃ፤ ኮምፒውተር ካለ |
| ርቀት | ይለያል | ድምፁ ክፍት ከሆነ ይገባል | መካከለኛ | በደንብ | ነፃ ወይም የግድግዳ ሰዓትና የማንቂያ ደወል ዋጋ |
| ባለ ቁልፍ ስልክ | ይለያል | ይገባል | ከባድ | በደንብ | ርካሽ ስልክ |
| የቤት ስምምነት | ይለያል | ይገባል | በጣም ቀላል | በደንብ | ነፃ |

ለየቤቱ

*ሕፃን ለያዘች እናት ወይም አባት።* ሌሊት ጡት እያጠቡ ወይም ጡጦ ይዘው ስልክ ማየት ለብዙዎች ብቸኛው ከሰው ጋር መገናኛ ነው። ይህን ሰዓት ይተዉት፤ ማንም አይውሰድብዎት። ሕፃኑ ነቅቶ ዓይን ዓይንዎን የሚያይበትን የቀኑን ክፍል ብቻ በርቀት ይጠብቁ። ከስክሮል ይልቅ የሚሰማ ነገር፣ ሬዲዮ ወይም ፖድካስት፣ ዓይንዎን ለልጁ ይተውለታል። ስልኩ መሸሸጊያ የሆነው ድካሙና ሐዘኑ ስላላለፈ ከሆነ ግን ይህ የገደብ ጉዳይ አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ለጤና ባለሙያ ይንገሩ።

*ከቤት ለሚሠራ።* ርቀት ብቻውን አይበቃም፤ ስልኩ መሥሪያም ነው። የሰዓት መርሐ ግብርና ጮክ ብሎ መናገር አብረው ይሂዱ። ሥራውን ወደ ኮምፒውተር መውሰድ ከተቻለ ልጁ “ሥራ” እና “ስልክ”ን ለይቶ ያውቃል።

*የታመመ ሰው ለሚያስታምም፣ በተጠባባቂነት ለሚሠራ፣ ልጁ ሌላ ቤትም ለሚያድር።* ማገጃ አፕና ሳጥን ይቅሩብዎት። ድምፁ ከፍ ያለ ስልክ ከርቀት፣ ከማሳወቂያ ቅነሳ ጋር።

*አንድ ወይም ሁለት አፕ ለሚያስቸግረው።* አፑን ያጥፉ። ሌላ ምንም ከመግዛትዎ በፊት።

*ሁለቱ ወላጆች ካልተስማሙ።* አንዱ ስልኩን አስቀምጦ ሌላው ይዞ ሲቀመጥ ያስቀመጠው ሰው ብዙም አይዘልቅም። ስለ ደቂቃ አይከራከሩ፤ ለሁለቱም ለማይከብድ አንድ ሰዓት ይስማሙ፣ የማዕድ ሰዓት ወይም የመኝታ ተረት ሰዓት። ሌላውን ለጊዜው ይተዉት።

*ታዳጊ ላላቸው።* የታዳጊውን ስልክ ከመገደብዎ በፊት የራስዎን ያስቀምጡ። “የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች” የሚለውን ተረት ታዳጊው ባያውቀውም ነገሩን ፊትዎ ላይ ይናገረዋል። ለእናንተ የጋራ የማስቀመጫ ቦታና የተጻፈ ስምምነት ይሻላል፤ ማታ የሁሉም ስልክ እዚያ ያድራል። ቅጣቱም ለሁሉም አንድ ይሁን፤ እርስዎ ሲያፈርሱም ይከፍላሉ።

*ገንዘብ ለመክፈል ለሚያስቡ።* መጀመሪያ ነፃዎቹን፣ በተለይ የሰዓት መርሐ ግብሩንና ርቀትን፣ ሁለት ሳምንት ይሞክሩ። የሚከፈልበት ነገር የሚያዋጣው ነፃው የፈረሰበትን ቦታ በትክክል ካወቁ በኋላ ነው። ሁልጊዜ የሚያፈርሱት ከመኝታ በፊት ከሆነ የማንቂያ ደወል ይግዙና ስልኩን ከመኝታ ቤት ያውጡ። ኮምፒውተርም ላይ የሚያፈርሱ ከሆነ ነው ማገጃ አፕ ዋጋ የሚኖረው።

ሠራ ወይስ አልሠራም?

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት መዝገብ ከአሁኑ ጋር ያስተያዩ። ጠቅላላው ሰዓት ብዙ ላይቀንስ ይችላል፤ ልጆች ከተኙ በኋላ ያካክሱታል። አይፎን የቀኑን አጠቃቀም በየሰዓቱ ከፋፍሎ ያሳያል፤ የሚመለከቱት የመረጡት ሰዓት ላይ ያለው አምድ ብቻ ነው። እሱ ካጠረ ዘዴው ሠርቷል፣ ይተዉት። ካላጠረ ዘዴውን ከማጥበቅዎ በፊት ሰዓቱን ያጥብቡ፤ ከሦስት ሰዓት ወደ አንድ። ጠባብ ሰዓት ይዘው ከቆዩ በኋላ ማስፋት ይቻላል፤ ሰፊ ሰዓት ይዘው በየቀኑ ማፍረስ ግን እርስዎንም ልጁንም ደንብ ማለት የሚጣስ ነገር እንደሆነ ያስተምራል።